የጥንት የአሜሪካን ብር አይቶ ስለ መለየት
ማኅተሙና ገጹ የሚናገሩት ምስክርነት

ገንዘብ የሚያገለግለው ለመግዣና ለመሸጫ ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። በአንድ ዘመን የነበረ መንግሥት ከጠፋ፥ መዝገቡም ከተቃጠለ በኋላ፥ በምድር ውስጥ ወይም በአንድ ቤተ ሰብ ሣጥን ውስጥ የቀረው ትንሽ ክብ ብር ስለዚያ ዘመን ይመሰክራል። ነገር ግን ምስክሩን የሚሰማው ቋንቋውን የተማረ ሰው ብቻ ነው።

በአገራችን የማርያ ቴሬዛ ብር ይዘዋወርበት በነበረው ዘመን ነጋዴውም ባላገሩም ብሩን ሳይመረምር አይቀበልም ነበር። በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ይቈጥር፥ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያይ፥ ከምስሏ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደሎች ይፈልግ ነበር። ፊደል ያልቈጠረው ሰው እንኳ ብሩን ለይቶ ያውቅ ነበር። ብሩ ምንጊዜም 1780 የሚል ዓመት ቢጻፍበትም፥ በቪየና፥ በሮማ፥ በለንደን፥ በፓሪስና በቦምቤይ በልዩ ልዩ ጊዜ ታትሟልና፥ ዛሬ ሊቃውንት የየአገሩን ሥራ የሚለዩት በንስሩ ጭራ ላባና በጌጡ አሠራር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ በታተመው ብርም፥ አንበሳው ግራ እግሩን ያነሣበት አለ፤ ቀኝ እግሩን ያነሣበትም አለ።

እንግዲህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህን የመሰለ ጥበብ ነው። በዚህ ጥበብ እጅግ የተመራመሩት ሰዎች የሚኖሩት በአሜሪካ ነው፤ የሚመረምሩትም ከ1794 እስከ 1836 ድረስ በአገራቸው የታተመውን የብር ገንዘብ ነው። የገንዘባቸው ስም «ዶላር» የተባለው «ታለር» ከሚለው ከጀርመኖች ቃል ስለ ሆነ፥ የማርያ ቴሬዛ ብርና የአሜሪካው ዶላር በስም ዘመዳሞች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይወቅልን።

የገንዘብ ማተሚያው ቤት አጀማመር

የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ነፃነታቸውን ካገኙ በኋላ ብዙ ዓመት የራሳቸው የብር ገንዘብ አልነበራቸውም። በገበያቸው የሚዘዋወረው ከሁሉ ይልቅ የእስፓኝ ብር ነበር። በሚያዝያ 2 ቀን 1792 በወጣው ሕግ ግን የገንዘብ ማተሚያ ቤት በፊላደልፊያ ከተማ እንዲቋቋም ተወሰነ፤ የመጀመሪያው ሹም ዴቪድ ሪተንሐውስ የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። በሕጉ መሠረት ዶላሩ 26.96 ግራም፥ ግማሽ ዶላሩም 13.48 ግራም እንዲመዝን ታዘዘ።

የመጀመሪያዎቹ ዶላሮች 1,758 ሆነው በጥቅምት 15 ቀን 1794 ከማተሚያው ቤት ወጡ። ነገር ግን መኪናው ይህን ለሚያህል ሰፊ ብር የሚበቃ ኃይል አልነበረውም፤ ሁለቱ ማኅተሞችም ፊት ለፊት በትክክል አልገጠሙም ነበር። ከዚህም የተነሣ በሁሉም ላይ በግራ በኩል ያሉት ከዋክብትና የዓመቱ አኃዝ ደክመው ታተሙ። ከዚያ በኋላ ትልቅ መኪና እስኪሠራ ድረስ የዶላሩ ሥራ እስከ 1795 ተቋረጠ። ከእነዚያ ዶላሮች አንዱ በ2013 በኒው ዮርክ በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል።

ማኅተሙ እንዴት ይሠራ ነበር?

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ገንዘብ የሚታተመው በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ነው። አንደኛው የፊቱን፥ ሁለተኛው የጀርባውን ምስል ይዞ፥ ያልታተመው ክብ ብር በመካከላቸው ገብቶ በኃይል ሲጫን ምስሉ በብሩ ላይ ይወጣል። በማኅተሙ ላይ የተቦረቦረው ሁሉ በብሩ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል።

ዛሬ ማኅተሞች ሁሉ ከአንድ እናት ስለሚወጡ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። በዚያን ዘመን ግን የነፃነት ምሳሌ የሆነችው ሴት ምስልና የንስሩ አካል በአንድ ቅርጽ ከተመታ በኋላ፥ ከዋክብቱን፥ ፊደሎቹን፥ የዓመቱን አኃዝ፥ ብዙ ጊዜም ቅጠሉንና ፍሬውን ሠራተኛው አንድ በአንድ በመዶሻ እየመታ በእጁ ያስገባ ነበር። የሰው እጅ አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ አስተካክሎ አይደግምምና፥ በአንዱ ማኅተም ላይ ኮከቡ ወደ ፀጕሯ ይቀርባል፤ በሌላው ይርቃል። በአንዱ አኃዙ ይሰፋል፤ በሌላው ይጠባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማኅተም እንደ ሰው ፊት የራሱ መልክ አለው።

ብረቱም ጽኑ አልነበረም። አንዱ ማኅተም ሲሰበር ሌላው ደኅና ከሆነ፥ ደኅነኛው ከአዲስ ጓደኛ ጋር ይጣመር ነበር። አንድ የፊት ማኅተምና አንድ የጀርባ ማኅተም አብረው የሠሩትን ሥራ መርማሪዎቹ «ጋብቻ» ይሉታል። ከ1794 እስከ 1836 ለታተመው ለግማሽ ዶላር ብቻ ከ400 የሚበልጡ ጋብቻዎች ተለይተው ታውቀዋል። አል ኦቨርተን የተባለ ሰው በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን በቍጥር ስለ መደባቸው፥ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያሉት ዓይነቶች የሚጠሩት በእርሱ ስምና ቍጥር ነው።

መጀመሪያ ምን እንይ?

ብሩን የያዘ ሰው በመልካም ብርሃን አጠገብ ተቀምጦ፥ አጉሊ መነጽር ይዞ በሥርዓት ይመርምር። አስቀድሞ ዓመቱን ያንብብ። ቀጥሎ ከዋክብቱን ይቍጠር። የግዛቶቹ ቍጥር ከፍ ሲል ከዋክብቱም 15፥ ከዚያም 16 ሆነው ነበር፤ ኋላ ግን ግዛቶቹ እየበዙ መሄዳቸው ስለ ታየ ወደ መጀመሪያዎቹ 13 ተመለሱ። በ1797 የታተመው ትንሹ የ5 ሳንቲም ብር 15 ከዋክብት ያሉት፥ 16 ያሉት፥ 13 ያሉትም ይገኛል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሐሳብ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ኮከብ ከታችኛው የፀጕር ጥቅል፥ የመጨረሻው አኃዝም ከልብሷ ምን ያህል እንደሚርቅ ያስተውል። ብሩን ገልብጦ ደግሞ የንስሩ ክንፍ ጫፍ ከየትኛው ፊደል ሥር እንደሚደርስ፥ የቀስቶቹ ጫፍ ወዴት እንደሚያመለክት፥ በቅርንጫፉ ላይ ስንት ፍሬ እንዳለ ይመልከት። አንዱ ምልክት ብቻ ለፍርድ አይበቃም፤ ሦስትና አራት ምልክቶች ሲስማሙ ግን ፍርዱ ይጸናል።

ጠርዙም አይዘንጋ። በዚያን ጊዜ በግማሽ ዶላር ጠርዝ ላይ ዋጋው በፊደል ይጻፍ ነበር። ጽሕፈቱ የሚገባው ብሩ ከመታተሙ በፊት፥ በሁለት የብረት ዘንጎች መካከል እየተንከባለለ ነው፤ ብሩ ሲያንሸራትት ቃሉ በቃል ላይ ይደረብ ነበር። በ1836 መኪናው በእንፋሎት መሥራት ከጀመረ በኋላ ግን ጽሕፈቱ ቀርቶ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ሆነ።

የሠራተኛው እጅ የተውልን ታሪክ

የብረት ማኅተም ብዙ ድካምና ወጪ የሚጠይቅ ስለ ነበረ፥ ዓመቱ አለፈ ተብሎ አይጣልም ነበር። በአሮጌው አኃዝ ላይ አዲሱ ይመታበታል፤ አሮጌው ግን ፈጽሞ አይጠፋም። በ1815 የተጻፈባቸው ግማሽ ዶላሮች ሁሉ ከ5ቱ ሥር 2 ይታይባቸዋል፤ ማኅተሙ የተሠራው ለ1812 ነበርና። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው የ1805ቱ ነው። በአንዳንዱ ላይ ከ5ቱ ሥር 4 አለ፤ ነገር ግን 1804 የሚል ግማሽ ዶላር እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህ ለ1804 ማኅተም እንደ ተዘጋጀና ሳይሠራበት እንደ ቀረ የምናውቀው ከዚህች ከተደበቀች አኃዝ የተነሣ ነው።

ስሕተትም አይታጣም። በ1807 ሠራተኛው «50 ሳንቲም» ሊል ሲገባው 20 ብሎ ጀመረ፤ ኋላ በ2ቱ ላይ 5 መታበት። በ1813 ደግሞ የዋጋው አኃዝ በሚገባበት ስፍራ የአገሩን ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደሎች አግብቶ ስለ ነበር፥ ፊደሎቹ ከአኃዙ ሥር ተገልብጠው ይታያሉ።

ከሁሉም የሚበልጠው የሩብ ዶላሩ ታሪክ ነው። በ1822 አንድ ሠራተኛ በሩብ ዶላር ማኅተም ላይ 50 ብሎ ጽፎ ኋላ በላዩ 25 አደረገበት። ይህ ማኅተም ጥቂት ከሠራ በኋላ በማተሚያው ቤት ተቀመጠ፤ ከ6 ዓመት በኋላ በ1828 እንደ ገና ወጥቶ ሠራበት። ሁለቱን ብሮች ጐን ለጐን አድርጎ የሚያይ ሰው ያው ስሕተት በያው ስፍራ መኖሩን ያገኛል። ማንም ጸሓፊ ያልመዘገበውን ብሩ መዘገበው።

ስንጥቅና ግጭት

ማኅተሙ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው ስፍራ ብር ስለሚገባበት፥ በገንዘቡ ላይ ስንጥቁ የሚታየው እንደ ቀጭን ክር ከፍ ብሎ ነው። በ1807 በታተመ አንድ ዓይነት ግማሽ ዶላር ላይ ስንጥቁ በሴቲቱ አገጭ በኩል ስላለፈ፥ ሰብሳቢዎቹ «ጢማሟ እመቤት» ብለው ሰይመዋታል። ስንጥቁ እያደገ ሄዶ የማኅተሙ ዳር ሲገነጠል ደግሞ በብሩ ከንፈር ላይ ቅርጽ የሌለው እብጠት ይወጣል።

አንዳንድ ጊዜም ብሩ በመካከል ሳይገባ ሁለቱ ማኅተሞች ይጋጩና የአንዱ ምስል በሌላው ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ በሚታተመው ብር ላይ የንስሩ ክንፍ ጥላ በሴቲቱ አንገት አጠገብ ይታያል። ሠራተኛው ይህን ለማጥፋት ማኅተሙን ሲፍቀው፥ ጥላው ይደበዝዛል፤ ከእርሱም ጋር ቀጫጭኑ የፀጕርና የላባ መስመር ይጠፋል።

መርማሪው ከዚህ ትልቅ ነገር ይማራል። ስንጥቅ ያድጋል እንጂ አይድንም። ስለዚህ ስንጥቅ የሌለበት ቀድሞ፥ ትንሽ ስንጥቅ ያለበት ቀጥሎ፥ ትልቅ ስንጥቅ ያለበት በመጨረሻ እንደ ታተመ ይታወቃል። በዚህ መንገድ ከ200 ዓመት በፊት የተሠራው ሥራ በየተራው ሊደረደር ይችላል።

ከፍ ያለውና የተቦረቦረው

አሁን ለሁሉ የሚጠቅመውን ደንብ እንናገር። በብሩ ላይ ከፍ ብሎ የሚታይ መስመር በማኅተሙ ላይ የነበረ ነው፤ ወደ ውስጥ የተቦረቦረ መስመር ግን በራሱ በብሩ ላይ የደረሰ ነው። ከፍ ያለው የትውልድ ምልክት ሲሆን፥ የተቦረቦረው አብዛኛውን ጊዜ ቍስል ነው።

ነገር ግን ከዚህ ደንብ ውጭ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሞረድ ምልክት ነው። ብሩ ከመታተሙ በፊት በሚዛን ይመዘን ነበር፤ ከሕጉ በላይ ከከበደ በሞረድ ተፍቆ ይቀነሳል። የማተሚያው ኃይል ይህን ፍቅታ ሁልጊዜ አያጠፋውምና፥ ጐን ለጐን የተደረደሩ ሸካራ መስመሮች በብሩ ዳርና በከፍተኛው ስፍራ ይቀራሉ። ያልተማረ ሰው ይህን አይቶ «ተቧጭሯል» ብሎ ይንቀዋል፤ ነገሩ ግን የማተሚያው ቤት ሚዛኑን ለመጠበቅ የደከመበት ምስክር ነው። ከኋላ የመጣ ጭረት የፊደሉን ጀርባ ቈርጦ ያልፋል፤ የሞረዱ መስመር ግን በማተሚያው ኃይል ተጨፍልቆ፥ ምስሉ በላዩ እንደ ተጫነበት ሆኖ ይታያል። በ1794 እና በ1795 ደግሞ ክብደቱ ሲጐድል በመካከሉ ቀዳዳ ተበጅቶ ቍራጭ ብር ይጨመርበት ነበር። እንዲህ ያለው ብር ዛሬ በብርቱ ይፈለጋል።

እንደዚሁም ደካማ አስተታተምና በእጅ ብዛት ማለቅ አይምታቱ። በእጅ ብዛት ያለቀ ብር በከፍተኛው ስፍራ ሁሉ ይለሰልሳል፤ ብርሃኑም ይጠፋል። ደክሞ የታተመ ብር ግን በአንድ ወገን ምስሉ ቢደበዝዝም፥ የመጀመሪያው አንጸባራቂ ብርሃኑ በዚያው ስፍራ እንኳ አለ።

የ1804 ዶላር ነገር

ይህ ጥበብ ታላቅ ክርክርን እንደ ፈታ አንድ ታሪክ እናውሳ። በመዝገቡ በ1804 19,570 ዶላር እንደ ታተመ ተጽፏል። ነገር ግን ያ ሁሉ በአሮጌ ማኅተሞች የተሠራ እንጂ 1804 የሚል አኃዝ የነበረበት አልነበረም። ዶላሩ ወደ ውጭ አገር እየተወሰደ ያልቅ ስለ ነበረም፥ ከዚያ ዓመት በኋላ መታተሙ ተቋረጠ። ሆኖም 1804 የሚሉ ጥቂት ዶላሮች ኋላ ተገኙ፤ ስለ እነርሱም ከመቶ ዓመት በላይ ብዙ ተረት ተነገረ።

ኤሪክ ኒውማንና ኬኔት ብሬሴት በ1962 ነገሩን መረመሩ። የእነዚህ ብሮች ከንፈር እንደ ጥንቱ ሳይሆን በ1830ዎቹ እንደ ተሠሩት ነበር፤ የጠርዙም ጽሕፈት ተጨፍልቋል፤ ይህም በጥንቱ መኪና ላይ ባልነበረ ቀለበት ውስጥ እንደ ታተመ ያሳያል። እውነቱም እንዲህ ሆነ፤ በ1834 መንግሥቱ ኤድመንድ ሮበርትስ በተባለው መልእክተኛ እጅ ለመስቀት ሱልጣንና ለሲያም ንጉሥ የገንዘብ ስጦታ ሊልክ ሲያስብ፥ ዶላሩ የተቋረጠበት ዓመት 1804 ነው ተብሎ በዚያ ዓመት አኃዝ አዲስ ተሠራ። በዚያው በ1962 ለሲያም ንጉሥ የተሰጠው ስጦታ ከነሣጥኑ ለሕዝብ ታየ፤ 1804 የሚለውም ዶላር በውስጡ ነበር።

ከዚህም በኋላ ወደ 1860 ገደማ ከራሱ ከማተሚያው ቤት ሠራተኞች አንዳንዶቹ በስውር ሌሎችን አተሙ። ከእነርሱም አንዱ በስዊስ አገር በ1857 በታተመ ብር ላይ የተመታ ስለ ሆነ፥ የቀድሞው ጽሕፈት ርዝራዥ በላዩ ይታያል። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ሸሸጉ፤ ብሩ ግን አልሸሸገላቸውም።

ሐሰተኛውን ስለ ማወቅ

ዋጋው ከፍ ያለ ነገር ሁሉ አስመሳይ አያጣም። አንዱ የአኃዙን ጭራ ፍቆ የተለመደውን ዓመት ብርቅ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው አቅልጦ በቅርጽ ያፈስሰዋል፤ ሦስተኛው ሁለት ስስ የመዳብ ቅርፊት አጋጥሞ በብር ይለብጠዋል። በፈሰሰው ላይ ጥቃቅን የአረፋ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ በተጋጠመው ላይ በጠርዙ ዙሪያ ስፌት ይገኛል።

የመጀመሪያው ፈተና ሚዛን ነው። እስከ 1836 የታተመ ብዙ ያላለቀ ግማሽ ዶላር ወደ 13.48 ግራም መቅረብ አለበት። ሁለተኛው ፈተና ውሃ ነው። ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ በውሃ ውስጥ ሲመዝኑት 1.3 ግራም ያህል ይቀልላል፤ ምክንያቱም የዚያ ዘመን ብር ከውሃ 10.3 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ሦስተኛው ማግኔት ነው፤ እውነተኛ ብር በማግኔት አይሳብም። ሦስቱን ያለፈ ሁሉ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። በመልካም ብር የተሠራ ሐሰተኛ አለና፥ የመጨረሻው ፍርድ የማኅተሙ ነው። ከታወቁት ማኅተሞች ከአንዱም ጋር የማይስማማ ብር በብርቱ ይጠረጠር። በአሜሪካ በ1973 የወጣው ሕግ ማንኛውም አስመስሎ የተሠራ ገንዘብ «ቅጂ» የሚል ቃል እንዲጻፍበት ያዝዛል፤ አታላይ ግን ሕግ አይፈራም።

በቤት ውስጥ ስለ መጠበቅ

ብዙ ሀብት የሚጠፋው በሌባ እጅ ሳይሆን በንጹሕ ልብ በተያዘ ጨርቅ ነው። ብር ሲቈይ ይወይባል፤ አንዳንዱም ሰማያዊና ወርቅማ መልክ ያወጣል። ይህን እንደ እድፍ ቈጥሮ በአመድ፥ በአሸዋ ወይም በመወልወያ መድኃኒት የሚያሸው ሰው፥ ከብሩ ገጽ የመጀመሪያውን ቆዳ ይልጠዋል። የታጠበው ብር ለጊዜው ያበራል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን በሺህ ቀጫጭን ጭረት ተሸፍኗል። ዋጋው ከፊሉን፥ አንዳንድ ጊዜም አብዛኛውን ያጣል። የተፋቀም ብር አይመለስም።

ስለዚህ ብሩን በጠርዙ እንጂ በገጹ አትያዙት። እርስ በርሱ እንዳይፋጭ እያንዳንዱን ለብቻው አስቀምጡት። ርጥበት ከሌለበት ስፍራ ይቀመጥ። ፒ ቪ ሲ የተባለው ለስላሳ ላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ሙጫ እያወጣ ብሩን ይበላልና፥ በእርሱ አትጠቅልሉት። የተጣበቀ ቈሻሻ ቢኖርም ለሚያውቅ ሰው አሳዩ እንጂ አትቸኩሉ።

ይህ ሁሉ በቤተ ሰብ ዘንድ ከጌጥ ነገር ያልፋል። አባት ሲሞት የተወው ብር በሚዛን ብቻ ተካፍሎ ለልጆቹ ሲሰጥ፥ አንዱ ሳያውቅ ከሁሉ የሚበልጠውን ይወስዳል፤ ሌላው የብሩን ዋጋ ብቻ ይዞ ይቀራል። ወይም ደግሞ ብልህ ገዢ መጥቶ ሁሉን በአንጥረኛ ዋጋ ገዝቶ ይሄዳል። የውርስ ፍርድ ቅን የሚሆነው የሚካፈለው ነገር አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በሕይወቱ ሳለ የእያንዳንዱን ብር ዓመት፥ ክብደትና ምልክት፥ ከማን እንደ ተገኘም በደብተር ቢጽፍ፥ ደብተሩ ለልጆቹ ከክርክር መዳኛ ይሆናል።

ለልጆችም እጅግ የሚጠቅም ትምህርት አለው። አጉሊ መነጽርና ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ብሮች ሰጥታችሁ «ልዩነታቸውን ፈልጉ» በሏቸው። መጀመሪያ «አንድ ናቸው» ይላሉ፤ ጥቂት ቈይተው ኮከቡን፥ አኃዙን፥ ስንጥቁን ያሳዩአችኋል። ከመፍረድ በፊት ማየትን፥ አይቶም ማመዛዘንን የለመደ ልጅ፥ ነገ በወንበር ተቀምጦ የሰው ጕዳይ ሲመረምር ይህ ልማድ ይረዳዋል።